ከአሥር ሚሊዮን አንዱን ፍለጋ፦ በጥቂት ኒውክሊዮኖች መካከል የፓሪቲ ጥሰትን የማስላትና የመለካት አሠራር

ሁለት ፕሮቶኖች ሲገናኙ ሥራውን ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ የሚሠራው ጠንካራው የኑክሌር ኃይል ነው። ደካማው ኃይልም እዚያው አለ፤ ድምፁ ግን እጅግ ከማነሱ የተነሣ በቀጥታ አይሰማም። የሚያሳብቅበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጠንካራው ኃይል ቀኝና ግራን አይለይም፣ ደካማው ይለያል። ስፒናቸው በሚሄዱበት አቅጣጫ የተሰለፈ ፕሮቶኖችን ሃይድሮጅን ላይ ላኩና ስንቱ እንደተበተነ ቁጠሩ። ከዚያ ስፒናቸውን ወደ ኋላ ገልብጡና እንደገና ቁጠሩ። ተፈጥሮ ከመስታወት ምስሏ ጋር አንድ ብትሆን ኖሮ (ማለትም ፓሪቲ ቢከበር) ሁለቱ ቆጠራዎች እኩል በሆኑ ነበር። አይደሉም። በ45 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (ከዚህ በኋላ ሜኤቮ) ጉልበት ላይ የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው ብታካፍሉ የምታገኙት ከአሥር ሚሊዮን አንድ ተኩል ገደማ ነው፤ ይህ ውድር አሲሜትሪ ይባላል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ኳንተም ሜካኒክስ ተምሮ አንጉላር ሞመንተም መደመር ለሚችልና አሁን ወደዚህ ርዕስ ለሚገባ ተማሪ ነው። በርዕሱ ላይ ብዙ ቀመር ተጽፏል። ጀማሪውን የሚያደናቅፈው ግን ቀመሩ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ ምን እንደሚጠየቅ፣ አንድ ልኬት የትኛውን ቁጥር እንደሚነግረን፣ የትኛው ስሌት እስከ የትኛው ጉልበት እንደሚያገለግል። ስለዚህ በቅደም ተከተሉ እንሂድ።

1. መጠኑን በእጃችሁ ገምቱ

ሌላ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት ይህችን ስሌት ወረቀት ላይ ሥሯት። የደካማው ኃይል የፌርሚ ቋሚ 1.166×10⁻⁵ በጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ካሬ ነው። በኒውክሊዮኖች (በፕሮቶኖችና በኒውትሮኖች) መካከል ያለው ኃይል የሚለካበት ተፈጥሯዊ ሚዛን የፓይዮን (ኒውክሊዮኖች ከሚቀባበሏቸው፣ ሜሶን ከሚባሉ ቅንጣቶች ቀላሉ) ክብደት ሲሆን እርሱም 0.138 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ካሬው 0.019 ይሆናል። ሁለቱን አባዙ፤ 2.2×10⁻⁷ ታገኛላችሁ። በመላው መስክ የምታዩት ሚዛን ይህ ነው። ስሌታችሁ 10⁻⁴ ከሰጣችሁ ተሳስታችኋል ማለት ነው። 10⁻⁸ ከሰጣችሁ ደግሞ የሚያሳንሰው ምክንያት ምን እንደሆነ ማስረዳት ይጠበቅባችኋል።

የደካማው ኃይል ተሸካሚዎች፣ ደብልዩ እና ዜድ፣ ክብደታቸው 80 እና 91 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። በዚህ ክብደት ሊደርሱ የሚችሉት ርቀት 0.0025 ፌምቶሜትር ገደማ ብቻ ነው። ኒውክሊዮኖች ደግሞ በጣም ሲቀራረቡ ይገፋፋሉ። ስለዚህ ደብልዩን በቀጥታ ይቀባበላሉ ብላችሁ አታስቡ። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ሜሶን ከአንዱ ኒውክሊዮን ይወጣና በሌላው ይዋጣል፤ ከሁለቱ ጫፎች አንዱ በጠንካራው ኃይል፣ ሌላው በደካማው ይሠራል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በላንታነም-139 ኑክሊየስ ውስጥ 0.734 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ባለው ሬዞናንስ የፓሪቲ ጥሰቱ 10 በመቶ ገደማ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ትልቅ ምልክት እያለ ከአሥር ሚሊዮን አንዱን ፍለጋ መድከም ለምን? መልሱ እንዲህ ነው፦ ያ 10 በመቶ የመጣው በከባዱ ኑክሊየስ ውስጥ እጅግ የተቀራረቡ የጉልበት ደረጃዎች ስለሚዳቀሉ ነው። ከዚያ ተነሥቶ በሁለት ኒውክሊዮኖች መካከል ወዳለው ኃይል የሚመለስ አስተማማኝ መንገድ የለም። ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ኒውክሊዮን ሲሆን ግን የጠንካራውን ኃይል እኩልታ እስከ መጨረሻው መፍታት ይቻላል። ልኬቱ ይከብዳል፣ ትርጉሙ ግን ይጠራል። በእኔ እምነት ይህ ልውውጥ ድካሙ ይገባዋል።

2. ፓሪቲ ቢከበር ድፍን ዜሮ የሚሆን መጠን ምረጡ

ፓሪቲ ማለት ሦስቱንም የቦታ አቅጣጫዎች በአንድ ጊዜ መገልበጥ ነው። ሞመንተም ይገለበጣል፤ ስፒን ግን የሽክርክሪት ዓይነት ስለሆነ አይገለበጥም። ስለዚህ ስፒንን ከሞመንተም ጋር ያባዛ መጠን ሁሉ ምልክቱን ይቀይራል፤ ከዜሮ ውጭ ሆኖ ከተገኘም ፓሪቲ ተጥሷል። ሊ እና ያንግ በ1956 ያቀረቡት ሐሳብ፣ ዉ እና ባልደረቦቿም በኮባልት-60 ላይ የፈተሹትና ውጤቱን በ1957 ያሳወቁት ይህንኑ ነው፦ ኤሌክትሮኖቹ ከኑክሊየሱ ስፒን አንጻር ወደየት ያዘነብላሉ? በቤታ ብትነት ደካማው ኃይል ብቻውን ስለሚሠራ ውጤቱ ግዙፍ ሆነ። እዚህ ግን ጠንካራው ኃይል ከላይ ሸፍኖታል።

በጥቂት ኒውክሊዮኖች ዘንድ የሚሠራባቸው መጠኖች አራት አምስት ናቸው። የመጀመሪያው ከላይ የገለጽሁት የፕሮቶን-ፕሮቶን አሲሜትሪ ነው። ሁለተኛው ስፒኑ የተሰለፈ ዝግተኛ ኒውትሮን በፕሮቶን ተይዞ ዲውትሮን ሲሆን የሚወጣው የ2.2 ሜኤቮ ጋማ ወደ ስፒኑ አቅጣጫ ወይም ወደ ተቃራኒው ማዘንበሉ ነው። ሦስተኛው በዚያው መያዝ ውስጥ፣ ስፒን ሳይሰለፍ፣ ጋማው የሚኖረው የክብ ፖላራይዜሽን ነው። አራተኛው ኒውትሮን በሂሊየም-4 ውስጥ ሲያልፍ ስፒኑ ልክ እንደ ቡሽ መክፈቻ መዞሩ ነው። በመጨረሻም ኒውትሮን በሂሊየም-3 ሲያዝ የሚወጣው ፕሮቶን ወደየት እንደሚያዘነብል ይለካል።

አንድ ወጥመድ አለ። ስፒን፣ የገባው ሞመንተምና የወጣው ሞመንተም ሦስቱ ተጣምረው የሚሠሩት የቀኝ-ግራ አሲሜትሪ በፓሪቲ የተፈቀደ ነው፤ የጠንካራውና የኤሌክትሮማግኔቲክ ኃይሎች ሥራ ነው። ዲቴክተሩ ከስፒኑ አቅጣጫ ጥቂት ዘመም ካለ ይህ የተፈቀደ አሲሜትሪ ወደምትፈልጉት ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ማስታወሻችሁ ላይ ካሁኑ ጻፉት፤ በደረጃ 8 እንመለስበታለን።

3. አምስቱን አምፕሊቲዩዶች በእርሳስ አውጡ

ይህን ደረጃ ማንም ሰው አንብቦት እንዲያልፍ አልፈልግም። ራሳችሁ ሥሩት።

በዝቅተኛ ጉልበት ሁለት ኒውክሊዮኖች በአመዛኙ የሚገናኙት በኤስ ሞገድ ነው፤ ቀጥሎ ፒ ይመጣል። የኤስ ፓሪቲ ፖዘቲቭ፣ የፒ ኔጌቲቭ ነው። ስለዚህ ደካማው ኃይል ኤስን ከፒ ጋር ያዳቅላል። ጠቅላላ አንጉላር ሞመንተም ግን መለወጥ አይችልም። በዚህ ላይ የፓውሊን ሕግ ጨምሩ፦ የምሕዋር ሞመንተም፣ የስፒንና የአይሶስፒን (ፕሮቶንና ኒውትሮንን እንደ አንድ ቅንጣት ሁለት ሁኔታዎች የሚለይ ቁጥር) ድምር ኢ-ተጋማሽ ቁጥር መሆን አለበት።

አሁን ተራ በተራ እንሂድ። በምልክቶቹ ላይ የግራው ትንሽ ቁጥር የስፒን እጥፍ ሲደመር 1፣ የቀኙ ደግሞ ጠቅላላ ሞመንተም ነው። ¹ኤስ₀ ምሕዋሩ 0፣ ስፒኑ 0 ስለሆነ አይሶስፒኑ 1 ይሆናል። ጠቅላላ ሞመንተሙ 0 ነውና ሊዳቀል የሚችለው ከ³ፒ₀ ጋር ብቻ ነው። የ³ፒ₀ ምሕዋር 1፣ ስፒን 1 ነው፤ ድምሩ ኢ-ተጋማሽ እንዲሆን አይሶስፒኑም 1 መሆን አለበት። ከአይሶስፒን 1 ወደ አይሶስፒን 1 በሦስት መንገድ መሄድ ይቻላል፦ ለውጡ 0፣ 1 ወይም 2 ሊሆን ይችላል። ሦስት ቁጥሮች አገኘን።

³ኤስ₁ አይሶስፒኑ 0፣ ጠቅላላ ሞመንተሙ 1 ነው። ከ¹ፒ₁ ጋር ይዳቀላል፤ የዚያም አይሶስፒን 0 ስለሆነ ለውጡ 0 ብቻ ነው። ከ³ፒ₁ ጋርም ይዳቀላል፤ የዚህኛው አይሶስፒን 1 ስለሆነ ለውጡ 1 ብቻ ነው። ሁለት ተጨማሪ ቁጥሮች አገኘን።

በጠቅላላው አምስት ናቸው። ዳኒሎቭ በ1965 ያወጣቸው እነዚህን ነው። ዝቅተኛ ጉልበት ላይ ያለ የትኛውም ንድፈ ሐሳብ፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ፣ በመጨረሻ ወደ እነዚህ አምስት ቁጥሮች ይወርዳል። ስድስተኛ ካገኛችሁ ወይ አንዱን ሁለት ጊዜ ቆጥራችኋል፣ ወይ ከኤስና ከፒ አልፋችሁ ሄዳችኋል።

4. የምትሠሩበትን ቋንቋ ከጉልበቱ ጋር አስማሙ

ሁለት ቋንቋዎች አሉ። አንደኛው በ1980 ዴስፕላንክ፣ ዶናሂው እና ሆልስታይን ያቀረቡት የሜሶን ልውውጥ ሥዕል ነው፤ ፓይዮን፣ ሮ እና ኦሜጋ እየተቀባበሉ ደካማውን ኃይል የሚያስተላልፉበት። አንድ የፓይዮን ቁርኝት (የደካማውን ጫፍ ብርታት የሚለካ ቁጥር)፣ ሦስት የሮ፣ ሁለት የኦሜጋ፣ በተጨማሪም ብዙውን ጊዜ የሚተው ሌላ የሮ ቁርኝት ይዞ ሰባት ይደርሳል። ሁለተኛው ቋንቋ ፓይዮን-አልባው ኢፌክቲቭ ፊልድ ቲዮሪ ነው። በዚህ ውስጥ ሜሶን የሚባል ነገር የለም፤ ኒውክሊዮኖቹ በአንድ ነጥብ ላይ ይነካካሉ፣ በመሪው ደረጃም (እርማቶች ሳይጨመሩ በሚሠራው የመጀመሪያ ስሌት) ልክ አምስት ቋሚዎች ይኖራሉ።

የቱን ልምረጥ ለሚል ሰው እንዲህ እላለሁ፦ መጀመሪያ ሞመንተሙን አስሉ። ለሁለት እኩል ክብደት ላላቸው ኒውክሊዮኖች፣ በላቦራቶሪ የተሰጠውን ጉልበት በኒውክሊዮን ክብደት አባዙ፣ ለሁለት ክፈሉ፣ ካሬ ሥሩን ውሰዱ። ለ13.6 ሜኤቮ 80 ሜኤቮ ገደማ፣ ለ45 ሜኤቮ ደግሞ 145 ገደማ ይወጣል። ሁለተኛው ከፓይዮን ክብደት ከ138 በልጧል! ስለዚህ የ45 ሜኤቮውን መረጃ ወስዶ ፓይዮን በሌለበት ንድፈ ሐሳብ ውስጥ መክተት ደንቡን መጣስ ነው። ይህን ስሕተት በተማሪዎች ሥራ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ቁጥሩ ጥሩ መስሎ ስለሚወጣም ማንም ቶሎ አይነቃም። ለዝግተኛ ኒውትሮን ግን ንድፈ ሐሳቡ ምቹ ነው፦ የዲውትሮን መያያዣ ጉልበት 2.2246 ሜኤቮ ስለሆነ የሞመንተም ሚዛኑ 46 ሜኤቮ ገደማ ነው፤ ለ138 ሲካፈል አንድ ሦስተኛ ይሆናል። በየደረጃው የምትተዉት እርማት በዚህ ልክ ነውና የስሌታችሁን ስሕተት ስትጽፉ ይህን አትርሱ።

5. ደካማውን አንዴ ብቻ፣ ጠንካራውን እስከ መጨረሻ

የስሌቱ እምብርት ይህ ነው። ደካማው ኃይል 10⁻⁷ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ማስገባት ትርጉም የለውም፤ አንዴ አስገቡ። ጠንካራው ኃይል ግን በኤስ ሞገድ እጅግ ብርቱ ነው፤ የኒውትሮን-ፕሮቶን የ¹ኤስ₀ ስካተሪንግ ርዝመት −23.7 ፌምቶሜትር መሆኑ ይህን ይመሰክራል። ስለዚህ ጠንካራው ንክኪ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ እያለ እስከ ማለቂያ የሌለው ተደምሮ መግባት አለበት። በመሪው ደረጃ ይህ ድምር የሚመጣው በኤስ በኩል ብቻ ነው፤ በፒ በኩል ገና ጠንካራ ንክኪ የለም።

ኩሎምብን ለጊዜው ትተን ሁለት ኒውትሮኖችን እንውሰድ። ደካማ ንክኪው ያለበት አምፕሊቲዩድ ሦስት ነገሮች ተባዝተው የሚገኝ ነው፦ ደካማው ቋሚ፣ ሞመንተሙ (ፒ ሞገድ ስለገባ አንድ ሞመንተም የግድ ነው)፣ እና የኤስ አምፕሊቲዩዱ ለጠንካራው ቋሚ ተካፍሎ። አሲሜትሪው ደግሞ የዚህና የኤስ አምፕሊቲዩድ መጠላለፍ ለኤስ አምፕሊቲዩድ ካሬ ሲካፈል ነው። የኤስ አምፕሊቲዩዱ ከላይም ከታችም ስላለ ይጠፋል። የቀረው ንጹሕ ነው፦ አሲሜትሪው ከሞመንተም ጋር በቀጥታ ያድጋል፣ መጠኑን የሚወስነውም የደካማው ቋሚ ለጠንካራው ቋሚ ሲካፈል ነው።

ሁለት ፍተሻ አድርጉ። የመጀመሪያው የሬኖርማላይዜሽን ሚዛኑን መቀየር ነው። ሁለቱም ቋሚዎች በአንድ ዓይነት ስለሚለዋወጡ ውድሩ ንቅንቅ ማለት የለበትም፤ ካለ አንድ ዲያግራም ጥላችኋል። ሁለተኛው ከመረጃ ጋር ማስተያየት ነው። የፕሮቶን-ፕሮቶን አሲሜትሪ በ13.6 ሜኤቮ (−0.93±0.21)×10⁻⁷ ሆኖ ተለክቷል። ከሞመንተም ጋር የሚያድግ ከሆነ ወደ 45 ሜኤቮ ስንሄድ በ45 እና በ13.6 ውድር ካሬ ሥር፣ ማለትም በ1.82 መባዛት አለበት፦ −1.69×10⁻⁷። የተለካው (−1.50±0.22)×10⁻⁷ ነው። ከኩሎምብና ከፌዝ ሺፍት ለውጥ ጋር ሲታሰብ መስማማቱ የሚያረካ ነው። እዚህ ላይ ያደረግነው የሞመንተም ቅጥያውን ማየት ብቻ መሆኑን ልብ በሉ፤ ከ45ቱ ላይ ቋሚ አላወጣንም።

ወደ ላይ ስንወጣ ደግሞ ሌላ ውብ ነገር ይገጥመናል። በ221 ሜኤቮ በካናዳው ትራያምፍ የተደረገው ልኬት ጉልበቱን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ አካባቢ የ¹ኤስ₀ እና የ³ፒ₀ ፌዝ ሺፍቶች እየተሰራረዙ የእነዚያን ሞገዶች መጠላለፍ ወደ ዜሮ ያወርዱታል፤ የሚቀረው የ³ፒ₂ እና የ¹ዲ₂ ነው። ውጤቱም (0.84±0.34)×10⁻⁷ ሆኖ ምልክቱን ቀየረ። ጉልበት በመምረጥ ብቻ አንዱን ዝም አሰኝቶ ሌላውን ማናገር ይቻላል።

6. የአይሶስፒን ደብተር ያዙ

እያንዳንዱ ልኬት አንድ እኩልታ ነው። ከአንድ እኩልታ አምስት ቁጥር አይወጣም። ስለዚህ የየትኛው ልኬት እኩልታ የትኞቹን ቁጥሮች እንደያዘ የሚያሳይ ገጽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይኑራችሁ።

በ¹ኤስ₀–³ፒ₀ በኩል ያሉትን ሦስቱን በአይሶስፒን ለውጣቸው ዜሮኛ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ እንበላቸው። ፕሮቶን-ፕሮቶን የሚያየው ዜሮኛ ሲደመር አንደኛ ሲደመር ሁለተኛ ነው። ኒውትሮን-ኒውትሮን ቢለካ ኖሮ አንደኛው ምልክቱን ይቀይራል። ኒውትሮን-ፕሮቶን ደግሞ አንደኛውን ጨርሶ አያይም፤ የሚያየው ዜሮኛ ሲቀነስ የሁለተኛው እጥፍ ነው። ያቺ ቀንስ-ሁለት በክሌብሽ-ጎርዳን በኩል የምትመጣ ናት። እኔ አንድ ጊዜ ምልክቷን ደምር አድርጌ ጽፌ ሳምንታት በልታብኛለች፤ ውጤቱ መጠኑ ልክ ነበረና አልጠረጠርሁትም። ሦስቱን ጥንዶች ጎን ለጎን ጻፉና የሁለተኛው ዓይነት ብቻውን ሲደመር 1፣ 1 እና −2 ዜሮ መምጣቱን አረጋግጡ።

የኒውትሮን በፕሮቶን መያዝ በደብተሩ ላይ ልዩ ቦታ አለው። በተለመደው መንገድ ኒውትሮኑ ከ¹ኤስ₀ ተነሥቶ በማግኔቲክ ዳይፖል ወደ ³ኤስ₁ ዲውትሮን ይወርዳል። ፓሪቲ ሲጣስ ኤሌክትሪክ ዳይፖል ይጨመርበታል፤ ይህ ደግሞ የጠቅላላ ስፒንን አይነካም። የጋማው አቅጣጫ ማዘንበል የሚመጣው ስፒን 1 እንደሆነ ከሚቀጥለው መንገድ፣ ማለትም ከ³ኤስ₁–³ፒ₁ ነው። ስለዚህ ይህ ልኬት ከአምስቱ አንዷን ብቻ፣ አይሶስፒን ለውጧ 1 የሆነችውን፣ ነጥሎ ያወጣል። በሜሶን ቋንቋ ይህች የረጅም ርቀቱ የፓይዮን ቁርኝት መገኛ ናት። የክብ ፖላራይዜሽኑ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፦ ³ኤስ₁–¹ፒ₁ን እና የ¹ኤስ₀–³ፒ₀ን ኒውትሮን-ፕሮቶን ድብልቅ ይዞ ያቺን አንዷን ይተዋታል። አንድ ዓይነት ሪአክሽን፣ ሁለት የማይደራረቡ ጥያቄዎች።

7. ጊዜውን አስሉ፤ ከዚያ መቁጠርን ተዉ

አሲሜትሪን በ1×10⁻⁸ ስሕተት ለመለካት፣ ፖላራይዜሽኑ ሙሉ ቢሆን እንኳ፣ የአንድ ካሬ ለዚያ ስሕተት ካሬ ሲካፈል የሚገኘውን ያህል ክስተት ያስፈልጋል፦ 10¹⁶። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ብትቆጥሩ ከ300 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ክስተቶችን አንድ በአንድ መቁጠር አይሆንም፤ ዲቴክተሩ የሚሰጠውን ጠቅላላ የኤሌክትሪክ ፍሰት ማንበብ የግድ ነው። ይህን መንገድ የከፈተው የሌኒንግራዱ ሎባሾቭ ነው። በታንታለም-181 ጋማ ላይ ከሚሊዮን 6 ገደማ የሆነ የክብ ፖላራይዜሽን በ1967 ሲያሳይ ምልክቱን ያጠራቀመው በፔንዱለም ነበር፤ ፍሰቱ በፔንዱለሙ የመወዛወዣ ድግግሞሽ እየተገለበጠ ለረጅም ሰዓት ይገፋዋል፣ የዘፈቀደው ሁካታ ግን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስለሚገፋ አይጠራቀምም።

8. ስፒኑን የምትገለብጡበትን ቅደም ተከተል አስተካክሉ

የዲቴክተር ፍሰት ይንሸራተታል፤ ሙቀት ይለወጣል፣ የጨረር መጠን ይወርዳል። ስፒኑን ላይ-ታች-ላይ-ታች እያላችሁ ብትቀያይሩ ምን ይሆናል? ስምንት ምቶችን ከ0 እስከ 7 ቁጠሩ፤ ፍሰቱም በየምቱ በአንድ እየጨመረ ነው እንበል። «ላይ» የሆኑት 0፣ 2፣ 4፣ 6 ድምራቸው 12 ነው። «ታች» የሆኑት 1፣ 3፣ 5፣ 7 ድምራቸው 16። ፓሪቲ ሳይጣስ ሐሰተኛ ልዩነት ተፈጠረ።

አሁን ቅደም ተከተሉን ላይ-ታች-ታች-ላይ-ታች-ላይ-ላይ-ታች አድርጉት። «ላይ» የሆኑት 0፣ 3፣ 5፣ 6 ናቸው፤ ድምራቸው 14። «ታች» የሆኑት 1፣ 2፣ 4፣ 7፤ ድምራቸው 14። ካሬዎቹንም ሞክሩ፦ 0 ሲደመር 9 ሲደመር 25 ሲደመር 36፣ 70። 1 ሲደመር 4 ሲደመር 16 ሲደመር 49፣ 70። ቀጥ ያለውም የተጠማዘዘውም መንሸራተት ጠፋ! በኩብ ግን 368 እና 416 ይመጣሉና አይጠፋም። ኒውትሮን በፕሮቶን ሲያዝ የጋማውን ማዘንበል በለካው፣ ኤንፒዲጋማ በተባለው ሙከራ የተሠራው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ የኒውትሮን ምት በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚመጣ ስምንቱ ምት 0.13 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ያልቃል፣ በዚያ አጭር ጊዜ የቀረው መንሸራተት ኢምንት ነው። ይህን ሠንጠረዥ በእጄ የሠራሁበት ቀን ከዚህ መስክ ጋር ፍቅር የያዘኝ ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቅደም ተከተሉ የማያጠፋቸው ግን አሉ። በደረጃ 2 ያስጠነቀቅሁት የቀኝ-ግራ አሲሜትሪ ከስፒኑ ጋር አብሮ ስለሚገለበጥ በመገልበጥ አይወገድም፤ መድኃኒቱ ዲቴክተሮቹን ከማግኔቲክ ፊልዱ አንጻር በትክክል ማሰለፍና አቅጣጫቸውን መለካት ነው። ኢላማውም ያሳስባል። ኤንፒዲጋማ ወደ 16 ሊትር ፈሳሽ ፓራሃይድሮጅን (የሞለኪውሉ ሁለት ፕሮቶኖች ስፒን ተቃራኒ የሆነበት) የተጠቀመው፣ በተራው ኦርቶሃይድሮጅን ውስጥ ኒውትሮኖች ሲበተኑ ስፒናቸው ስለሚገለበጥ ነው። በፓራሃይድሮጅን ውስጥ ሞለኪውሉን ለማንቃት 15 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በታች ያለ ኒውትሮን ስፒኑን ይዞ ይቆያል። የኢላማው ጣሳ አሉሚኒየምም ኒውትሮን ይይዛል፣ የራሱም አሲሜትሪ አለው፤ ለብቻው ተለክቶ መቀነስ አለበት። መሣሪያው በእርግጥ ምልክት ማየት መቻሉን ለመፈተሽ ደግሞ አሲሜትሪው 2×10⁻⁵ ገደማ የሆነው ክሎሪን ይቀመጣል፤ በክሎሪን ላይ ትክክለኛውን ምልክትና መጠን ሳታዩ ወደ ሃይድሮጅን አትሂዱ።

የክብ ፖላራይዜሽኑ ታሪክ ደግሞ ሁላችንንም ሊያስተምር ይገባል። በ1972 ለኒውትሮን-ፕሮቶን መያዝ (−1.30±0.45)×10⁻⁶ የሚል ውጤት ወጣ፤ ከንድፈ ሐሳቡ እጅግ የበለጠ ነበር። በኋላ እንደታወቀው ከሪአክተሩ እምብርት በቤታ ብትነት የሚመጡ ኤሌክትሮኖች የሚያወጡት፣ ራሱ የክብ ፖላራይዜሽን ያለው ጨረር ተቀላቅሎበት ነው። ያም ፓሪቲ የሚጥስ ጨረር ነው፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ብቻ እንጂ። በደረጃ 1 የሠራችሁት ግምት እንዲህ ባለ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይሆናችኋል።

9. ውጤቱን በደብተሩ ላይ አስፍሩ

በኦክ ሪጅ የተሠራው ኤንፒዲጋማ በ48 የሲዚየም አዮዳይድ ዲቴክተሮች ለካ፤ በ2018 የታተመው ውጤት አሲሜትሪው (−3.0±1.4±0.2)×10⁻⁸ ነው (የመጀመሪያው ስሕተት የስታቲስቲክስ፣ ሁለተኛው የመሣሪያና የአሠራር ነው)። ወደ ፓይዮን ቁርኝት ለመለወጥ ለ−0.11 ገደማ ይካፈላል፦ (2.6±1.2±0.2)×10⁻⁷። የ1980ው ሥራ ምርጥ ግምት 4.6×10⁻⁷ ሲሆን የሰጠው ክልል ከ0 እስከ 11.4×10⁻⁷ ነበር። በፍሎሪን-18 የጋማ ፖላራይዜሽን ላይ የተሠሩት ልኬቶች ደግሞ ቁርኝቱ ከ1.3×10⁻⁷ ገደማ እንደማይበልጥ ይጠቁማሉ። ሁለቱ ይጋጫሉ አትበሉ፤ 2.6 ከ1.3 የሚርቀው አንድ የስሕተት ልክ ያህል ነው። ከዜሮ የሚርቀውም ሁለት ስሕተት ብቻ መሆኑን ሳትጠቅሱ አትለፉ።

በዚያው ላቦራቶሪ በሂሊየም-3 ላይ በ2020 የወጣው ውጤት (1.55±0.97±0.24)×10⁻⁸ ነው። እዚያ ሂሊየም-3 ጋዙ ኢላማም ዲቴክተርም ነው፤ ከመያዙ የሚወጣው 764 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጋዙ ውስጥ ይቀራል። ይህ ልኬት ብዙዎቹን ቁጥሮች ቀላቅሎ ስለሚይዝ እኩልታውን ለማንበብ የአራት አካል ስሌት ያስፈልጋል። በሂሊየም-4 ያለው የስፒን መዞር በ2011 (1.7±9.1±1.4)×10⁻⁷ ራዲያን በሜትር ሆኖ ተለካ፤ ከዜሮ ጋር ይስማማል፣ ቢሆንም በደብተሩ ላይ እንደ ገደብ ይገባል።

ወደ ሦስት አካላት ለምትሄዱ አንድ መልካም ዜና አለ፦ በፓይዮን-አልባው ንድፈ ሐሳብ በመሪውና በቀጣዩ ደረጃ አዲስ ፓሪቲ ጣሽ የሦስት አካል ኃይል አያስፈልግም። አምስቱ ቋሚዎች ለኒውትሮን-ዲውትሮንም ይበቃሉ፤ ስድስተኛ ፍለጋ አትድከሙ።

ደብተራችሁን ስትመለከቱ የክብ ፖላራይዜሽኑ ረድፍ ባዶ ሊባል የሚችል ነው። በ1984 የታተመው (1.8±1.8)×10⁻⁷ ከዜሮ አይለይም። አዲስ የሚጀምር ሰው ካለ እዚህ ቢጀምር እመኛለሁ። ሪአክሽኑን ገልብጡት፦ የክብ ፖላራይዜሽን ያለው ጋማ፣ ከ2.2246 ሜኤቮ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ዲውትሮንን ይሰብራል፤ ፖላራይዜሽኑን እየገለበጡ የስብራቱን መጠን ማወዳደር ነው። የሚገቡት አምፕሊቲዩዶች እነዚያው ናቸው፤ የአይሶስፒን ለውጥ 2 ያላትም በቀንስ-ሁለት ተባዝታ አለችበት። ስሌቱን ከመጀመራችሁ በፊት ግን በደረጃ 7 ባለው መንገድ የምታስቡት የጋማ ምንጭ በሰከንድ ስንት ፎቶን ቢሰጥ 10⁻⁸ ላይ ለመድረስ ስንት ወር እንደሚፈጅ አስሉ፤ ቁጥሩን ከፖላራይዜሽኑ ጋር በወረቀቱ አናት ላይ ጻፉት።